ከሰማዕታት ግድግዳ የጎደለው ስም

አባቴ በወረቀት ሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ በእውነት ግን ሰባ ዘጠኝ። ወደ አሜሪካ ሲመጡ ፎርሙን የሞላላቸው ሰው የተወለዱበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር እንዳለ ገለበጠው፤ እዚህ ያሉትም እንደ ራሳቸው አነበቡትና ስምንት ዓመት አስረጇቸው። ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር ደማቸው ይፈላል። ሐኪሙ «በዚህ ዕድሜ እንዲህ መራመድዎ የሚገርም ነው» ሲላቸው ወደ እኔ ዞር ብለው «ንገሪው፤ ያን ያህል አልኖረም በይው» ይላሉ። እኔ አልነግረውም። የምሠራው ፎርት ዎርዝ ውስጥ አንድ ሆስፒታል፣ በሽተኛ መመዝገቢያው ላይ ነው፤ አንዴ ወረቀት ላይ የገባን ልደት ማስተካከል ስንት በር እንደሚያስንኳኳ አውቀዋለሁ። የእኛ ሽማግሌዎች ጠረጴዛዬ ፊት ሲቀመጡ መታወቂያቸውን አያለሁ፣ ፊታቸውን አያለሁ፣ በልቤ ስምንት እቀንሳለሁ። ለዚህ ስሌት ጣት መቁጠር ከተውኩ ቆይቻለሁ።

አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ አዲስ አበባ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ወጡ እንጂ ማረም አልተዉም። አርሊንግተን ያለው ቤቴ ከገቡ ጀምሮ የሠርግ ጥሪ ቢሉ የሙት ዓመት ማስታወቂያ፣ በእሳቸው እጅ ሳይታረም የሚያልፍ የለም። «ሰው መሳሳቱ አያናድደኝም፤ ስህተቱን ሳያይ ማለፉ እንጂ» ይላሉ። እኔም የወጣሁት በእሳቸው ነው፤ ግትርነቱም ጭምር። እናቴ ነፍሷን ይማርና «ሁለት በቅሎ ነው ቤቴ ያሰርኩት» ትለን ነበር።

እኛ ካቶሊኮች ነን። ይህን ስናገር ዳላስ ያለ ሀበሻ ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። «ካቶሊክ ሀበሻ አለ እንዴ? ቆይ፣ ፈረንጅ አግብተሽ ነው?» ያለችኝ የሥራ ባልደረባዬ እስከ ዛሬ ያመነችኝ አይመስለኝም። ቅዳሴያችን በግዕዝ ነው፣ ከበሮም ጸናጽልም አለን፣ ግን ጥቂት ነን፤ ከዋይሊ እስከ ፎርት ዎርዝ ተጠራርተን እንኳ አንድ አዳራሽ አንሞላም። የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስለሌለን አርሊንግተን ውስጥ የቬትናሞችን እንዋሳለን። እነሱ ጨርሰው ሲወጡ እኛ እሑድ ከሰዓት እንገባለን። ከመግቢያው በስተቀኝ የሰማዕታቶቻቸው ትልቅ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጳጳሳት፣ ገበሬዎች፣ እናቶች፣ ሁሉም ዘንባባ ይዘው። አባባ በየሳምንቱ እዚያ ሥዕል ፊት ቆመው ይቀራሉ። እኛ ደግሞ ቅዳሴው ሊጀመር ነው እያልን ክንዳቸውን እንጎትታለን።

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ልጄ መጎተቱን ተወችና ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ሁሌ እዚህ ጋ ለምን ትቆማለህ?»

እዚሁ አርሊንግተን ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አማርኛዋ ውስጥ አንቱታ የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉን የሚያርሙት አባቴ ይህን ብቻ አርመዋት አያውቁም።

«እኔ የተማርኩበት ቤትም እንዲህ ያለ ግድግዳ ነበረው» አሏት።

አባቴ በወጣትነታቸው ጣሊያን አገር ለክህነት ይማሩ እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። ለምን እንዳልጨረሱም እናውቃለን፤ ሳንባቸውን አሟቸው ነው። ከዚያ በላይ ጠይቄያቸው አላውቅም፣ እሳቸውም ነግረውኝ አያውቁም። የዚያን ቀን ግን ከቅዳሴ በኋላ፣ ሦስታችን መኪና ውስጥ ተቀምጠን፣ ኤሲው እስኪቀዘቅዝ ስንጠብቅ ጀመሩ፤ ኤሲው ቀዝቅዞ እንኳ አላቆሙም።

ቤቱ ከሮም ወጣ ብሎ፣ ወይን በተተከለበት ኮረብታ ላይ ያለ የድሮ ገዳም ነው። የተከፈተው በሀገራቸው የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ለሌላቸው ወይም ለተዘጋባቸው ልጆች ነው። ከቻይና፣ ከቬትናም፣ ከአልባኒያ፣ ከሱዳን፣ ከእኛም ዘንድ ይመጡ ነበር። ሲገቡ አንድ ቃል ይገባሉ፤ ክህነት ተቀብለው ወደ ሀገራቸው ይመለሳሉ። «ሀገራችሁ ሰላም ሲሆን ተመለሱ አይልም» አሉ አባባ። «ተመለሱ ነው የሚለው።» ብዙዎቹ ተመልሰው፣ አጥምቀውና ቀብረው፣ አርጅተው ሞቱ። ጥቂቶቹ ግን ተመልሰው ተገደሉ። አንዱን ወንዝ ውስጥ ጣሉት፤ አንዱ እስር ቤት በረሃብ አለቀ፤ ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ቀን ተሰየፉ። ከምግብ ቤቱ ወደ ጸሎት ቤቱ በሚወስደው ኮሪደር ላይ ስማቸው በእብነ በረድ ተቀርጿል። ከመጨረሻው ስም በታች ሁልጊዜ ባዶ ቦታ ይተዋል። ወደ ሀገሩ የሚመለስ ካህን በሚሄድበት ቀን በዚያ ኮሪደር ያልፍና መዳፉን ባዶው ቦታ ላይ ያሳርፋል፤ ሌሎቹ ከኋላው ቆመው ይዘምራሉ። እኔ ብሆን ሻንጣዬንም ጥዬ እሮጥ ነበር።

«ጓደኛዬም እዚያ ግድግዳ ላይ አለ» አሉ አባባ። ሁለት ዓመት የሚበልጣቸው የአንድ ክፍል ጓደኛቸው ነበር። ፀጉራቸውን የሚቆርጥላቸው እሱ፣ ላቲን የሚያስጠናቸው እሱ። ክህነቱን ተቀበለና በደርግ ዘመን፣ ያ ሁሉ ወጣት በየመንገዱ ሲገደል፣ ቃሉን ጠብቆ ተመለሰ። አንዲት ትንሽ የገጠር ቁምስና ሰጡት፤ አጥቢያ ማለት ነው። ዓመት ሳይሞላው ገደሉት። የሞቱ ደብዳቤ የመጣው አባባ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሳሉ ነው፤ ቅዳሴ ተቀድሶለታል፤ የቤቱ አለቃ ሲያለቅሱ በዓይናቸው አይተዋል።

ልጄ ስልኳን አውጥታ ነበር። «እማ፣ ዌብሳይት አላቸው። የዎሉ… የግድግዳው ፎቶ ሁሉ አለ። ሶ፣ አባባ፣ ስሙ ማን ነበር?»

አባባ ነገሯት። ፎቶውን ወደ ታች እየሳበች ሄደች፣ መልሳ ወደ ላይ፣ እንደገና ወደ ታች።

«ማለቴ… ከኢትዮጵያ አንድም ሰው የለም።»

«አላየሽውም። እንደገና እዪው።»

አስፍታ አሳየቻቸው። የመጨረሻው ስም የአንድ አልባኒያዊ ነበር፤ ከሥሩ ባዶ እብነ በረድ። ዌብሳይቱ ላይ የትምህርት ቤቱ ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍም ነበረ፤ ከተማሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ የጓደኛቸውን ስም አገኘሁትና ጎኑ በእንግሊዝኛ ያለውን ተረጎምኩላቸው። «ወደ ሀገሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ወሬው አልተሰማም» ይላል።

አባባ ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ስሙ እዚያ እንዳለ አምነው፣ አርፈው ተቀምጠው ነበር። ቤት እስክንደርስ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ሄዱ። እኔ ግን ቆሽቴ አረረ። ሰው ቃሉን ጠብቆ ሄዶ ይሞታል፣ ከዚያ የውሃ ሽታ ሆነ ብለው ይጽፉበታል? በማግስቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ኢሜይል አደረግሁ።

መጀመሪያ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ሁለተኛ ጻፍኩ፣ ሦስተኛ ጻፍኩ። ከዚያ መደወል ጀመርኩ፤ ጠዋት ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ የሆስፒታሉ ፓርኪንግ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አንዲት ሴትዮ ታነሳና በጣሊያንኛ ብዙ ነገር ብላኝ ትዘጋዋለች። እኔ ደግሞ ግግም ብያለሁ። ሥራዬ ራሱ ምን አስተማረኝ? መስኮት ላይ የቆመ ሰው ካልሄደ መጨረሻው ላይ አንድ ሰው ቀና ብሎ ያየዋል። እኔንም አዩኝ። የመዝገብ ቤቱን የሚጠብቁ አንድ ሕንዳዊ ካህን ራሳቸው ደወሉልኝ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ እንግሊዝኛቸውም ይገባል። «ልጄ፣ ፋይሉን አውጥቼ አያለሁ» አሉኝ። አይተው ስካን አድርገው ላኩልኝ።

የደረሰኝ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ማይክሮዌቭ ፊት ተራ ይዤ ስልኬን ከፈትኩ። አንድ ገጽ በእጅ የተጻፈ ጣሊያንኛ፤ ካህኑ እንግሊዝኛውን ከሥር ጽፈውልኛል። የአማርኛው ደብዳቤ ጠፍቷል፣ የቀረው ትርጉሙ ብቻ ነው። ደብዳቤውን የጻፈችው በዚያች ቁምስና የነበረች መነኩሲት ናት፤ የቁምስናው ካህን በዚህ ቀን፣ በዚህ ወር፣ በዚህ ዓመት ተገደለ ትላለች። ከጎኑ በእርሳስ ማስታወሻ አለ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሟቹን የሚያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ ባልቀረበት ጊዜ፣ ለግድግዳው ስም ሲመረጥ ፋይሉን ያየ ሰው የጻፈው ነው። «በዚህ ዓመት ይህ ተማሪያችን ገና መግባቱ ነበር፤ እዚሁ ፈተና ላይ ተቀምጧል። ሟቹ ሌላ ሰው መሆን አለበት» ይላል።

ማይክሮዌቩ ጮኸ፣ ከኋላዬ ያለው ሰው ተራሽ ነው አለኝ፣ እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ቀኑን እያየሁ ነበር። ወሩ ወደ ጣሊያንኛ ተተርጉሟል፤ የካቲት ፌብራዮ ተብሏል። ዓመቱ ግን እንዳለ ነው፣ በእኛው። በየቀኑ ጠረጴዛዬ ላይ የማየው ስህተት ነው፤ ወሩን ይተረጉሙታል፣ ዓመቱን ይረሱታል። እንዲህ አድርጎ ሊሳሳት የሚችለው የእኛ ሰው ብቻ ነው። ስምንት ደመርኩ። ልክ መጣ። ደስታዬን ያን ጊዜ ያየ ሎተሪ የደረሰኝ ይመስለው ነበር። ከዚያ ፎቶውን ወደ ታች ሳብኩት። «ተርጓሚ» ከሚለው ጎን የአባቴ ስም ተጽፎ ነበር።

ከፎርት ዎርዝ እስከ አርሊንግተን ሀይዌዩን እንዴት እንደነዳሁት አላስታውስም። ብደብቃቸውስ? ለካህኑ ብቻ «የአቆጣጠር ስህተት ነው» ብዬ ብጽፍስ? አባባ ምንም ሳያውቁ ስሙ ግድግዳው ላይ ይወጣ ነበር። መውጫዬ ጋ ስደርስ ግን ወሰንኩ። ዕድሜዬን ሙሉ «ስህተቱን ሳያይ ማለፍ» ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ እኔ የትኛዋ ነኝና አሳልፌ የማልፍላቸው?

ጓሮ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወረቀቱን ሥራ ቦታ ፕሪንት አድርጌው ነበር፤ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ጣሊያንኛውን ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ድምፃቸው ያማረ ነበር፣ የማላውቀው ወጣት ነበር የሚያነበው። ቀኑ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እርሳስ አምጪልኝ» አሉ።

እርሳስ የሚያስፈልገው ስሌት አልነበረም። ግን አመጣሁላቸው፤ ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ ደመሩት፣ ከሥሩ መስመር አሰመሩበት።

«ያን ቀን እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር» አሉ። ወዲያው ደግሞ «ይሄ ምክንያት አይሆንም» ብለው ወረቀቱን አጠፉት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። እህል እንደነገሩ ይቀምሳሉ። እሑድ የቬትናሞቹ ሥዕል ፊት መቆማቸውን ተዉ፤ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉታል። ለመዝገብ ቤቱ ካህን የሆነውን ጽፌላቸው ነበርና መልሳቸው መጣ። ነገሩ ገብቷቸዋል፣ አዝነዋልም፤ ነገር ግን የቤቱ ጉባኤ በእኔ ቃል ብቻ ስም አይቀርጽም። በሕይወት ያለ ምስክር ያስፈልጋል። ተርጓሚው ራሳቸው እንዴት እንደተሳሳቱ፣ ሟቹን ከየት እንደሚያውቁት፣ እሳቸውስ ትምህርት ቤቱን ለምን እንደተዉ ጽፈው ይፈርሙ። አዲስ እብነ በረድ ሊቀረጽ ነው፣ ዝርዝሩ ከፋሲካ በፊት ይዘጋል፤ ቀጣዩ መቼ እንደሚሆን አይታወቅም። የአባቴ ፋይል ውስጥ ያለውንም በአክብሮት አከሉልኝ። «ሳያስፈቅድ ሄደ» ይላል። ስለ ሳንባ የሚል አንድም ነገር የለውም።

ይህንንም አነበብኩላቸው። እያንዳንዱን ቃል።

«ተይው» አሉ። «እግዜር ያውቀዋል።»

«እግዜርማ ያውቀዋል፤ ያላወቀው ግድግዳው ነው!»

«አልጽፍም አልኩሽ።»

«አባባ፣ እርስዎ እኮ የሰው ለቅሶ ማስታወቂያ ላይ አንዲት ሆሄ አያሳልፉም! ሰው ሞቶ አልሞተም ሲባል ያሳልፋሉ?»

ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም ነበር። ተነስተው ክፍላቸው ገቡና በሩን ዘጉ። እኔም ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ በንዴትም በሐፍረትም። ግን አልተጸጸትኩም። ፋሲካ እየመጣ ነበር፣ አባቴም ሰባ ዘጠኝ ናቸው፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ እኔ አላውቅም። ከእሳቸው በቀር ያንን ሰው የሚያውቅ በምድር ላይ አንድ ሰው የለም። ሳይፈርሙ ቢሄዱ ያ ካህን ሁለተኛ ይሞታል።

በየቀኑ ጠየቅኋቸው። ቁርስ ላይ፣ መድኃኒታቸውን ስሰጣቸው፣ ሐኪም ቤት ስንሄድ። ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ፤ እሳቸው አንስተው መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፤ እኔ መልሼ አወጣዋለሁ። ልጄ «እማ፣ ፕሬሸር እያደረግሽው ነው» አለችኝ። አዎ፣ እያደረግኋቸው ነበር።

ነገሩን የቆረጠው ግን የእኔ መጨቅጨቅ አልነበረም። አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ልጄ ሹካዋን አስቀመጠችና ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ማለቴ፣ ለምንድነው የገደሉት? ምን አድርጎ ነው?»

ይህን እኔ አልጠየቅኋቸውም፤ ከደብዳቤው ትርጉም እንኳ ከቀኑ በኋላ ያለውን ቃል አላነበብኩትም ነበር። ስለ ቀኑና ስለ ወረቀቱ ስሯሯጥ ሰውዬውን ረስቼው ነበር።

አባባ ውሃ ጠጡ። ከዚያ መነኩሲቷ የጻፈችውን ከቃል እስከ ቃል ነገሯት፤ እሳቸው ናቸውና የተረጎሙት። የታጠቁ ሰዎች ወደ ቁምስናው መጡ። የፈለጉት የጥምቀት መዝገቡን ነበር። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ስሙ፣ የተወለደበት ዓመት፣ የአባትና የእናቱ ስም እዚያ ውስጥ አለ፤ ማንን መፈለግ እንዳለባቸው ከዚያ የተሻለ የሚነግራቸው ወረቀት የለም። ካህኑ መዝገቡ የለም አላለም። «አለ፤ አልሰጥም» አለ። «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የተጻፉት ለሕይወት ነው የተጻፉት» አላቸው። ደጃፉ ላይ ገደሉት። መዝገቡን ግን አላገኙትም። ለአንዲት ባልቴት ሰጥቷት እህል ጎተራ ውስጥ ቀብራዋለች፤ ከልጆቹ ብዙዎቹ ተረፉ።

ልጄ ዓይኗ እንባ ሞልቶ «ኦ ማይ ጋድ፣ አባባ» አለች።

አባባ እሷን አላዩም። እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እሱን ነበር የሚያዩት።

«የሰው ስም አልሰጥም ብሎ ሞተ» አሉ። «እኔ ደግሞ የእሱን ስም አጠፋሁ።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ያን ፊት አውቀዋለሁ፤ ተማሪ ፈተና አጭበርብሮ ሲይዙት የሚያሳዩት ፊት ነው። አሁን የያዙት ራሳቸውን ነበር።

«ኮምፒውተርሽን አምጪው» አሉኝ።

ምግቡን ሳናነሳ ጀመርን። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ጣሊያንኛውን በኋላ ራሳቸው ሊገለብጡት። የት እንደተገናኙ፣ በየትኛው አልጋ እንደተኙ፣ ጓደኛቸው በሄደበት ቀን በኮሪደሩ ሲያልፍና መዳፉን ባዶው እብነ በረድ ላይ ሲያሳርፍ እንዴት ከኋላው ቆመው እንደዘመሩ። ደብዳቤው ሲመጣ አለቃው ጠርተው «አንተ ተርጉምልን» እንዳሏቸው። ወሩን ተርጉመው ዓመቱን እንደረሱት። ይህን ያለ ምንም ሽፋን ተናገሩ። ከዚያ የራሳቸው ጉዳይ ላይ ደረሱ።

«ክህነት ልቀበል ስድስት ወር ቀርቶኝ ነበር። የእሱ ቁምስና ባዶ ስለሆነ የምላከው ወደዚያው እንደሆነ ነገሩኝ።»

ጻፍኩ።

«አንድ ጠዋት ሌሎቹ ጸሎት ላይ ሳሉ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። በኮሪደሩ አላለፍኩም። በወጥ ቤቱ በር ነው የወጣሁት።»

እጄ ቆመ። «አባባ፣ ታምሜ ነበር ብለን ብንጽፈውስ? ሳንባ…»

«ሳንባዬ ደህና ነበር።»

«እሺ፣ የሕሊና ጥያቄ ገጥሞኝ ብንል…»

«ፈራሁ ብለሽ ጻፊ።»

«አባባ…»

«አንቺ ልጅ፣ አማርኛ ጠፋብሽ? ፈራሁ። ሦስት ፊደል ናት።»

ጻፍኩት። ጣቴን ከዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ እንደዚያች ቃል የከበደው የለም። ደግሞም ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያ ሰው ባይገደል አባቴ ቄስ ይሆኑ ነበር። አዲስ አበባ ተመልሰው እናቴን አያገቡም፣ እኔ አልወለድም፣ ሹካዋን ይዛ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጄም የለችም። ሦስታችንም እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጥነው እሱ ስለሞተና አባቴ ስለፈሩ ነው። ደነገጥኩ፤ ከዚያም አመሰገንኩ፤ ማንን እንደማመሰግን ግን አላወቅሁም። ለአባቴ ምንም አላልኳቸውም። ተነስቼ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው፤ «ምን ሆነሻል? ጨርሺ እንጂ» አሉኝ።

ጣሊያንኛውን ለመገልበጥ አራት ቀን ፈጀባቸው። የረሷቸውን ቃላት በስልክ ላይ ማየት አሻፈረኝ ብለው ልጄን ከዩኒቨርሲቲው ላይብረሪ መዝገበ ቃላት አስመጧት። ሰርዘው ደልዘው፣ እንደገና ጽፈው፣ በንጹሕ ወረቀት ገልብጠው ፈረሙበት። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉና ሁለት ጊዜ ደምረው አረጋገጡት። ስካን አድርጌ ላክሁት፤ ዋናውን ደግሞ በፖስታ። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ሰልፍ ይዘው ከእኔ ጋር ቆሙ። መኪናው ውስጥ ይጠብቁኝ ብላቸው እምቢ አሉ።

ፋሲካ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የመዝገብ ቤቱ ካህን ጻፉልኝ። ጉባኤው ተቀብሎታል። ስሙ ይቀረጻል። ምስክርነቱ ከፋይሉ ጋር ተያይዟል፣ ሲነበብ ከጉባኤው መካከል ያለቀሱ ነበሩ፤ ማንም ግን በአባቴ አልፈረደም ብለውኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቷቸዋል። ጠራቢው የሞተበትን ቀን ይፈልጋል፤ እሳቸው ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር መልሰውታል፣ ልክ መሆኑን እናረጋግጥላቸው።

አባባ ሳሎን ነበሩ። አጠገባቸው ተቀምጬ ኢሜይሉን እስከ መጨረሻው ተረጎምኩላቸው። ተቀብሎታል የሚለው ጋ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ከንፈራቸው ለረጅም ጊዜ ተንቀሳቀሰ። እኔ ቀኑን አሰላሁ፣ ካህኑ ልክ ነበሩ።

«ልክ ነው፣ ልላክላቸው?» አልኳቸው።

«አይደለም።»

«ስሌቱ እኮ ልክ ነው፣ አባባ። ሁለቴ አይቼዋለሁ።»

«ስሌቱ ልክ ነው። ሰውዬው ግን የሞተው በየካቲት ነው። የካቲት ብለው ይቅረጹለት፤ ዓመቱንም በእኛ።»

«እንደገና ሊጠፋ ነው እንዴ! ነገ ደግሞ አንድ ሰው ግድግዳው ፊት ቆሞ፣ በዚህ ዓመት እኮ ይህ ሰው ገና ተማሪ ነበር…»

«አይልም። ጻፊ እስቲ።»

ያሉኝን ቀን ጻፍኩ። ሳልደምር፣ ሳልቀንስ። አባባ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አነበቡትና ጣታቸውን ከዓመቱ ቀጥሎ ያለው ባዶ ቦታ ላይ አሳረፉ።

«እዚህ ጋ ‹በኢትዮጵያ አቆጣጠር› ብለሽ ጨምሪበት» አሉኝ። «ያን ጊዜ የጎደለው ይኸው ሁለት ቃል ነበር።»